የፍቅር መጽሐፍ አንባቢዎች፦ ከኪራይ መደርደሪያ እስከ ቴሌግራም

ቀድሜ ልናገር፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። ዳታ የሚያስቸግራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ እንዳያደናግራችሁ፤ የውጭውን ታሪክ በውጭው አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን «በእኛ» እላለሁ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ የማትቀር አንድ ወሬ አለች፤ «የዛሬ ልጅ አያነብም» የምትል። እኔም በየሳምንቱ «ኧረ ያነባሉ!» እላለሁ። ከዴስክ ስር የሚደበቀውን ስልክ ስቀበል አንዳንዱ ላይ ቲክቶክ ነው የማገኘው፣ ብዙው ላይ ግን ጽሑፍ ነው። የፍቅር ታሪክ ነው፤ ክፍል 14፣ ክፍል 15 እያለ የሚቀጥል። ይህን ስናገር መልሱ አንድ ነው፦ «እሱማ የፍቅር ነው!» ይሳቅና ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ እዚያ ላይ ማለቁ አይዋጥልኝም። ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት መጽሐፍ መልኩን በቀየረ ቁጥር ከቀዳሚዎቹ ተሻጋሪዎች መካከል ይህ «እሱማ የፍቅር ነው» የሚባለው አንባቢ አለ። በኪራይ መጽሐፍ፣ በርካሽ ወረቀት፣ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ፣ በኢ-ቡክ፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራም። ምሁሩ ዘግየት ብሎ ይመጣና ስለ ንባብ ባህል ንግግር ያደርጋል።

ከ1908 እንጀምር። ለንደን ውስጥ ጄራልድ ሚልስና ቻርልስ ቡን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በስማቸው ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለ አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሮም ላይ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ። በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ ማለት ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው አጋጣሚ ብቻ ነው፣ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። ግን ፈገግ ያሰኘኛል። በኋላ በዓለም ላይ «የፍቅር መጽሐፍ» ሲባል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሚልስ ኤንድ ቡን ያኔ ያገኘውን ሁሉ የሚያሳትም ነበር፤ የጃክ ለንደንን ሥራዎች ሳይቀር። የእኛው የመጀመሪያ ልብወለድ ግን ገና ከጅምሩ ወንድ መስላ የለበሰች ቆንጆ፣ በእሷ ልቡ የተሰረቀ ንጉሥ፣ መጨረሻው ሰርግ!

የፍቅር ልብወለድ አሳታሚዎች ዛሬም ደራሲውን የሚይዙበት አንድ ሕግ አላቸው፤ ፍጻሜው ደስታ ይሁን የሚል። በዚህ ሕግ ከሄድን ጦቢያ ያልፋል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይወድቃል። ርዕሱ ራሱ የት እንደሚያደርሰን ነግሮናላ።

ወደ 1930ዎቹ እንለፍ። እንግሊዝ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ናት። ለሠራተኛ ሰው አዲስ መጽሐፍ መግዛት ቅንጦት ነው። ታዲያ ሲጋራና ጋዜጣ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ጥጋቸው ላይ አንድ መደርደሪያ አቁመው ልብወለድ ማከራየት ጀመሩ። ዋጋው ሁለት ፔኒ። አባል ሁን የለ፣ ፎርም ሙላ የለ። ሕዝቡም «የሁለት ፔኒ ቤተ መጻሕፍት» አላቸው። ቡትስ የሚባለው የመድኃኒት መደብርም የራሱን አከራይ ቤተ መጻሕፍት በየቅርንጫፉ ከፍቶ ነበር። ለሳል ሽሮፕ የገባች ሴት ልብወለድ ይዛ ትወጣለች። የቡትስ መጻሕፍት ጀርባቸው ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ነበረቻቸው፤ የአባልነት ምልክቷ የምትንጠለጠልባት። ይህ የመድኃኒት ቤት ቤተ መጻሕፍት እስከ 1966 ድረስ ሠርቷል።

ሚልስ ኤንድ ቡን ይህን አየና ሌላውን ሁሉ እየተወ ወደ ፍቅር መጽሐፍ ብቻ ገባ። ደንበኛዬ አንባቢዋ ሳትሆን አከራዩ ነው ብሎ አሰበ። መጻሕፍቱን ቡናማ ሽፋን አለበሳቸው። አንባቢዋም የደራሲውን ስም ሳታነሳ «ከቡናማዎቹ አዲስ ገብቷል?» ትላለች። የደራሲው ስም ተረስቶ የአሳታሚው ስም የተያዘበት የመጽሐፍ ንግድ እንዲህ ጀመረ።

የዚያን ዘመን አከራይ ቤት ከውስጥ ያየልን ሰው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ጆርጅ ኦርዌል! በ1934 እና 35 ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ውስጥ መጽሐፍ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ቤቱም መጽሐፍ ያከራያል። በ1936 ባወጣት አንዲት መጣጥፍ ላይ ከመደርደሪያው ማን በብዛት እንደሚወጣ ነግሮናል። ሄሚንግዌይ አይደለም። ኤቴል ኤም. ዴል የምትባል የፍቅር ደራሲ ናት። ኦርዌል ይህን ሲጽፍ ትንሽ ይኮሳተራል፣ ልክ እንደኛ ማረፊያ ክፍል ሰዎች። ግን ልብ በሉ፣ ያ ሱቅ ደመወዙን ሲከፍለው የነበረው በከፊል ከዚያችው ኪራይ ነው። ኦርዌልን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመለሳል።

የኪራይ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፤ የእኛ ሰፈር መጽሐፍ አከራይ ሱቁ በር ያክላል። መታወቂያ መያዣ ታስይዛለህ፣ ለቀን 50 ሳንቲም ትከፍላለህ። ሽፋኑ ካለቀ ቆይቷል፤ በካርቶን ተለብጦ በጆንያ ክር ተሰፍቷል። ርዕሱ በእስክሪብቶ ነው የተጻፈበት። «ሰመመን» ነበር፣ ከሲድኒ ሼልደን የተተረጎሙት ነበሩ፣ «ከአድማስ ባሻገር» ነበር። የሁሉም በሽታ አንድ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም! ልጅቷና ልጁ ይገናኙ አይገናኙ አታውቅም። ከአንተ በፊት የተከራየውን ሰው አፈላልገህ «መጨረሻው እንዴት ሆነ?» ብለህ መጠየቅ አለብህ። እኔ ከሰፈራችን ሰዎች ግማሹን የተዋወቅኩት በዚህ መንገድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኪራይ ለአንባቢ መልካም ነው፤ ለደራሲው ግን ጥያቄ ያስነሳል። አንድ መጽሐፍ ተሸጠ፣ ሁለት መቶ ሰው አነበበው፣ ደራሲው ያገኘው የአንዱን ነው። እንግሊዞች ለዚህ መልስ ለማግኘት ብዙ ተከራክረው በ1979 ሕግ አወጡ። መጽሐፍህ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋሱት ቁጥር መንግሥት ለአንተ ለደራሲው ትንሽ ይከፍልሃል። ክፍያው 1984 ላይ ሲጀመር ብዙ ውሰት ላላቸው ደራስያን ጣሪያ ተበጀ፤ ያለበለዚያ ገንዘቡን ጥቂቶች ይጨርሱታላ። ለብዙ ዓመታት ከእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት በብዛት የተዋሱት ደራሲ ካትሪን ኩክሰን ነበረች። ምን ትጽፋለች? አዎ፣ ስለ ፍቅር ትጽፋለች።

ቀጥሎ ሳሙና ይመጣል። ሃርለኩዊን የሚባል የካናዳ አሳታሚ በ1949 ዊኒፔግ ላይ ተቋቁሞ ከ1957 ጀምሮ የሚልስ ኤንድ ቡንን መጻሕፍት በርካሽ ወረቀት እያሳተመ ይሸጥ ነበር። (የመጀመሪያዋ «በቡዋምቦ ያለው ሆስፒታል» የምትል ናት፤ አፍሪካ ሳትጠየቅ የፍቅር መድረክ ሆናለች።) በ1971 ሚልስ ኤንድ ቡንን ጠቅልሎ ገዛው። ሎውረንስ ሄይሲ የሚባል ሰውም አለቃ አድርጎ አመጣ። ሄይሲ ከዚያ በፊት የሚሠራው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ማለትም ሳሙና ሻጩ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሳሙና ዱቄትና ዳቦ ባለበት ይሸጣል፣ መጽሐፍ ለምን መጽሐፍ ቤት ብቻ ይሸጣል? አለ። ልብወለዶቹን ሱፐርማርኬት አስገባቸው፣ ከልብስ ሳሙና ጋር በነጻ ለናሙና ሰጠ። የመጽሐፍ ሰዎች አፈሩበት። እሱ ሸጠ።

በዚያው 1971፣ ሐምሌ ወር ላይ፣ አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክል ሃርት የተባለ ወጣት የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ኮምፒውተር ላይ ተየበና ለሌሎች ክፍት አደረገው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ፤ የኢ-ቡክ የልደት ቀን አድርገው የሚቆጥሩትም ብዙ ናቸው። ሃሳቡ ከተወለደ ወዲያ ግን ብዙ ዓመት ገንዘብ የሚከፍልበት አጣ። ስክሪን ላይ ልብወለድ የሚያነብ ማን አለ ተባለ።

መልሱን ካመጡት ቀዳሚዎች አንዷ ኦሃዮ ውስጥ የምትኖር ቲና ኢንግለር የምትባል ደራሲ ናት። የጻፈችውን የፍቅር ታሪክ አሳታሚዎች «ይህማ በጣም ግልጽ ነው፣ አይታተምም» ብለው መለሱባት። እሷም በ2000 አካባቢ ኤሎራስ ኬቭ የሚባል የራሷን አሳታሚ ከፈተችና በፋይል፣ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረች። ኪንድል የሚባል ነገር ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል! ሴቶቹ በቤት ኮምፒውተራቸው ገዝተው አነበቡ። ድርጅቱ በ2016 ተዘጋ፣ መንገዱ ግን ተከፍቶ ቀርቷል።

ለምን የፍቅር አንባቢ ቀደመች? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ይህች አንባቢ በሳምንት ሁለት ሦስት መጽሐፍ ትጨርሳለች፤ ቤት አይበቃም፣ ገንዘብም አይበቃም። ፋይል ደግሞ ቦታ አይዝም። ይህኛው ምክንያት ሁሉም የሚናገረው ነው። ለእኔ ትልቁ ሌላ ነው፤ ሽፋን። ግማሽ ራቁቱን የቆመ ወንድ ያለበትን መጽሐፍ አውቶቡስ ውስጥ ገልጦ ማንበብ ፍርድ አለበት። ስክሪን ሽፋን የለውም። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ታንብብ ኢሜይል ታንብብ አያውቅም። ከዴስክ ስር ስልክ የምትደብቅ ተማሪ ከአስተማሪዋ ብቻ የምትደበቅ ይመስላችኋል? ከጎኗ ካለችው ልጅ ሳቅም ጭምር ነው።

ኅዳር 2007 ላይ አማዞን ኪንድልን አወጣ። ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ አለቀ። ሃርለኩዊን በዚያ ዓመት አዳዲስ መጻሕፍቱን በሙሉ በኢ-ቡክም ማውጣት ጀምሮ ነበር። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ገና ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አማንዳ ሆኪንግ የምትባል ወጣት ነበረች፤ የተጻጻፈቻቸው አሳታሚዎች ሁሉ መልሰውባታል። በ2010 ቺካጎ ሄዳ የአሻንጉሊቶች ኤግዚቢሽን ለማየት 300 ዶላር ቸገራት፤ የቫምፓየር ፍቅር ታሪኮቿን ራሷ አማዞን ላይ ጫነች። 300 ዶላር ነበር የፈለገችው። ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጠች፣ በዓመቱም ትልቅ አሳታሚ በ2 ሚሊዮን ዶላር አስፈረማት። ኢ.ኤል. ጄምስን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ «ፊፍቲ ሼድስ ኦቭ ግሬይ»። በ2011 በአንዲት ትንሽ የአውስትራሊያ አሳታሚ በኢ-ቡክና በትዕዛዝ በሚታተም ወረቀት ወጣ፣ በ2012 ትልቁ አሳታሚ ገዛው፣ በ2014 የሦስቱ ቅጾች ሽያጭ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። መጽሐፉን አልመክራችሁም። እንደ ታሪክ ክስተት ግን መዝለል አይቻልም።

ሃርለኩዊን ራሱ በ2014 ለሃርፐርኮሊንስ ተሸጠ፤ በ455 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር።

እስካሁን ያወራሁት የአንባቢዋን ድል ነው። አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንምጣ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ይጎመዝዛል።

አንድ ቤተ መጻሕፍት የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ መጽሐፉ የራሱ ነው። ያውሰዋል፣ ይሰፋዋል፣ ቢፈልግ ሃምሳ ዓመት ያቆየዋል፣ ሻጩ «መልስልኝ» ማለት አይችልም። ኢ-ቡክ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው መጽሐፉን ሳይሆን ፈቃዱን ነው። በ2011 ሃርፐርኮሊንስ ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አዲስ ደንብ አወጣ፤ አንድ ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሱት በኋላ ይዘጋል። እንደገና ይገዙት። 26 ከየት መጣ? አንድ ውሰት ሁለት ሳምንት ከሆነ 26ቱ አንድ ዓመት ይሞላል፤ የወረቀት መጽሐፍም ያን ያህል ተውሶ ያረጃል ነው ነገሩ። የኦክላሆማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን የሃርፐርኮሊንስ መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውርደው ቪዲዮ ቀረጹ፤ ይሄው፣ ከ26 ጊዜ በላይ ተውሰዋል፣ ገጻቸው እንኳ አልተቀደደም። የደሴውን የጆንያ ክር ቢያዩማ ምን ይሉ ነበር!

በ2019 ደግሞ ማክሚላን የሚባለው አሳታሚ፣ አዲስ ኢ-ቡክ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አንድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚገዛው አለ። ለአንዲት መንደርም አንድ፣ ለትልቅ ከተማም አንድ! ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከማክሚላን መግዛት አቆሙ። ኮሮና ሲገባ መጋቢት 2020 ላይ ደንቡ ቀረ።

ኦርዌልም እንደነገርኳችሁ ይመለሳል። ሐምሌ 2009 አንዳንድ የኪንድል ባለቤቶች የገዙት «1984» እና «አኒማል ፋርም» ከመሣሪያቸው ላይ ጠፍተው አገኙ። የሸጠው ድርጅት መብቱ ስላልነበረው አማዞን ከርቀት ሰርዞት፣ ገንዘባቸውን መልሶላቸው ነው። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ሰነድ እየለቀመ ስለሚያቃጥል መንግሥት የጻፈው ሰው መጽሐፍ፣ ከአንባቢው እጅ በሌሊት ጠፋ። እኔ ብጽፈው «አበዛኸው» ትሉኝ ነበር። የሁለት ፔኒው አከራይ ማንም ቤት ገብቶ መጽሐፉን ከትራስ ስር አላወጣም።

የእኛ መንገድ የተለየ ነው። እኛ ኪንድሉን አላየነውም፤ ከካርቶን ሽፋን በቀጥታ ቴሌግራም ላይ ነው የወደቅነው።

በመሃል ሬዲዮ ነበረን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልን አወቃት፤ ኦዲዮ ቡክ የሚለው ቃል ሳይመጣ ማለት ነው። ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ የራሱን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ፕሮግራም ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የትርምስ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ብዙው የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ የተተየበ ጽሑፍ አይደለም፤ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሳ ወረቀት ነው። ፒዲኤፉን ስትከፍቱ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ጠርዙ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። ፊደሉን ላሳድግ ብትሉ ገጹ ይሸሻል፣ ቃል ልፈልግ ብትሉ አይገኝም።

ቴሌግራም በ2013 መጣ፣ ትልቅ ፋይል ይሸከማል፣ ነጻ ነው። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች አሉኝ፣ ስማቸውን አልጠራም። አንደኛዋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፣ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በሳምንት አንዴ ትጽፍልኛለች። አማርኛ መጽሐፍ በአቅራቢያዋ አይሸጥም፣ ቢሸጥም መውጫ ፈቃድ የላትም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስልኳ ላይ የፍቅር መጽሐፍ ታነባለች። «ቲቸር፣ በአማርኛ የማስበው ያኔ ብቻ ነው» ብላኛለች። ፒዲኤፉ የተሰረቀ ነው? አዎ፣ የተሰረቀ ነው። ሂጂና ሌባ ነሽ በሏት።

ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሰው ነው። ለአራት ዓመት ልብወለድ ጻፈ። አሳታሚ ስላላገኘ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ተበድሮ ራሱ አሳተመ። የወረቀት ዋጋ ምን እንደሆነ ማተሚያ ቤት የሄደ ያውቀዋል። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ላይ ፎርዋርድ ተደርጎ መጣለት፤ የላከለት ሰው «ቆንጆ መጽሐፍ ነው፣ አንብበው» ብሎታል። ደራሲው እሱ መሆኑን አላወቀም። ብድሩን እስካሁን ከደመወዙ ይቆርጡበታል። ሁለተኛ መጽሐፉ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ እጠይቀዋለሁ፣ ወሬ ይቀይርብኛል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ነው የማልሸሸው። እንግሊዞች በ1979 ያደረጉትን ያህል እንኳ በመካከላቸው የሚቆም ነገር የለንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በእኛ 1996 ወጥቷል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። «ቲቸር፣ ፒዲኤፍ ይላኩልኝ» ለምትሉኝ ሁሉ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፈው በ1947 ነው፤ 50 ዓመቱ አልፏል፣ ጦቢያን በደስታ እልካለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ2003 ነው። ደምሩት። እስከዚያ ድረስ እኔ ዘንድ ያለው የወረቀቱ ነው፤ ቤቴ መጥቶ መዋስ ይቻላል፣ ያለ መያዣ።

ከስርቆቱ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከዴስክ ስር የሚነበቡት አብዛኞቹ ታሪኮች የማንም ቅጂ አይደሉም፣ እዚያው ቴሌግራም ላይ የተወለዱ ናቸው። ልጆች ናቸው የሚጽፏቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ይለቀቃል፣ ልክ ሊሳሳሙ ሲሉ «ይቀጥላል» ይላል፣ ከስሩ «ላይክ 300 ሲሞላ ቀጣዩ ይለቀቃል»። ፊደሉ የተዘበራረቀ ነው፣ አንዳንዱ ምኑም አይጥም። አንዳንዱ ግን እውነቴን ነው፣ የዚህ ዘመን ልጅ እንዴት እንደሚያፈቅር፣ ምን እንደሚፈራ፣ ትራንስፖርት ሲያጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ወንድሙ ሲሰደድ እንዴት እንደሚያወራ ከሱ የተሻለ ሰነድ አላየሁም።

ወመዘክር ከታተመ መጽሐፍ ሁሉ ቅጂ እንዲገባለት ሕግ አለው። ቴሌግራም ላይ ለተለቀቀው ክፍል 47 ግን ማን ቅጂ ያስገባል? ቻናሉ ሲሰረዝ፣ ልጅቷ ስልክ ስትቀይር፣ ወይ አግብታ ባሏ «ይሄን ነገር አጥፊው» ሲላት፣ በቃ የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ እንደኔ ያለ ታሪክ መምህር የ1900ን ጦቢያ ያገኘዋል፤ ወረቀቱ የሆነ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧልና። የእኛን ዘመን የፍቅር ታሪክ ሲፈልግ ባዶ ሊንክ ነው የሚጠብቀው። የእኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቁልፉ የሚገኘው የቁልፉ ባለቤት ሲገኝ ነው። ውስጡ ያለው የድሮ ማስተማሪያ መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ፍላሽ አስቀምጠን የልጆቹን ታሪክ በፈቃዳቸው ብንሰበስብ ብዬ ዘንድሮ ጠይቄያለሁ። «እሱማ የፍቅር ነው» ተባልኩ።

ስለዚህ በራሴ ጀምሬያለሁ። የሚጽፉ ተማሪዎች ሲፈቅዱልኝ ክፍሎቹን አንድ ፋይል ውስጥ አስገብቼ፣ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። እስካሁን የአምስት ልጆች አለኝ። አንዷ 12ኛን ባለፈው ዓመት የጨረሰች ናት፤ አሁን በቴሌብር የከፈለ ብቻ የሚገባበት ቻናል ከፍታ በየክፍሉ ትሸጣለች። በወር የምታገኘውን ነግራኛለች፣ እዚህ አልጽፈውም፣ የእኔን ደመወዝ ታውቁታላችሁና። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ማተሚያ ቤት የማውቀው ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ምን ልታደርጊበት? እዚሁ እየተሸጠልሽ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«እማዬ ስልክ ላይ ማንበብ አትችልም ቲቸር። ደግሞ መጽሐፍ ሲሆን ይቀመጣል።»

ለሁለት መቶ ቅጂ ዋጋ እየጠየቅኩላት ነው። የምታውቁት ማተሚያ ቤት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።